ካፒቴኑ፣ ቲቸሩ እና ወንድሜ

እናቴ ደውላ “ልጁ ኳስ ተወ” ስትለኝ መጀመሪያ የምሥራች መስሎኝ ነበር። የአገራችን እናት ልጇ ኳስ ሲተው “ደብተር ሊያነሣ ነው” ብላ አይደል ዕልል የምትለው? የኔዋ ግን ድምጿ ለቅሶ ቤት የተቀመጠች ይመስል ነበር።

“ከሰዓት በኋላ የት እንደሚውል ታውቂያለሽ?” አለችኝ።

ገባኝ።

ሂርናን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ሐረር ስትሄዱ አዋሽን፣ ሚኤሶን፣ ከዚያ ጭሮን (እናቴ ዛሬም “አሰበ ተፈሪ” ነው የምትለው) አልፋችሁ የምታገኟት የምዕራብ ሐረርጌ ከተማ ናት። ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ሲበሩባት የምትውል… ለነገሩ እኔንም ጋዜጠኝነት ያስተማረኝ የጫት ብር ስለሆነ እዚህ ቁጭ ብዬ ጫትን መስደብ አያምርብኝም። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በኛ ከተማ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ከሰዓት በኋላ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ሜዳ፣ ወይ በርጫ። ታናሽ ወንድሜ ሜዳውን ትቶታል።

ለዐረፋ ስሄድ ያዝኩት። “ለምን ተውክ?” ብለው “አቦ ተዪኝ!” ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። በሦስተኛው ቀን ነው ያወራኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማችን “ካፒቴን” የሚባል ሰው አለ። እኔ ልጅ ሳለሁ ድሬዳዋ ለአንድ ክለብ ይጫወት ነበር። ለበዓል ሲመጣ የሰፈር ልጆች ሁላችን ከኋላው ነበር የምንሄደው። እኔ እንኳ ኳስ የማልወደው ልጅ ቦርሳውን ለመሸከም ተጋፍቻለሁ። አሁን ተመልሶ ሂርና ይኖራል። ሱቅ አለው። አመሻሽ ላይ ደግሞ ልጆች ያሰለጥናል፤ አምስት ሳንቲም ሳይከፈለው። ለዚህስ ይመሰገናል።

ታዲያ ከጭሮ ልጆች ጋር ሲጫወቱ ወንድሜ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ጨዋታው አለቀ፤ ተሸነፉ። ካፒቴን ሁሉም ባሉበት ጠራውና “እኔ ባንተ ዕድሜ ድሬዳዋ ላይ ስሜ ይጠራ ነበር!” አለው። ሌላ ስድብ የለም፣ ዱላ የለም። ያቺን ብቻ። ወንድሜ በማግስቱ ጫማውን አልጋ ሥር ወረወረው።

እኔ ደሜ ፈላ። ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ወደ ሜዳው ወረድኩ። የምጽፈውን ጽሑፍ ርእሱን ሳይቀር በልቤ ጨርሼዋለሁ፤ “የወደቀ ኮከብ ልጆችን ሲያቃጥል” ምናምን… (የጋዜጠኝነት ምሩቅ ስንባል እንዲህ ያደርገናል።)

ሜዳው ላይ ያየሁት ግን ርእሴን አበላሸብኝ። ካፒቴን ኳሷን ጀርባውን ሰጥቶ ተቀበለና ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ በእግሩ ውጪ ሜዳውን አሻግሮ ልጁ እግር ሥር አስቀመጣት። እንዴት እንደሚያምር! “እንዲህ!” አላቸው። አንዱ ልጅ “እንዴት ካፒቴን?” አለ። “እንዲህ ነዋ!” ብሎ ደገመው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያምራል። ልጁ ግን ምንም አልጨበጠም። የካፒቴን እግር የሚያውቀውን አፉ አያውቀውም።

በሌሎቹ ቀናት ደግሞ ልጆቹን የሚይዛቸው የስፖርት አስተማሪያቸው ነው፤ “ቲቸር” ይሉታል። እውነቴን ነው፣ ኳስ ላይ እኔ ሳልሻለው አልቀርም። ግን ያንኑ ኳስ የሚስተውን ልጅ አቆመና “የቆምክበትን እግር እየው፤ ጣቱ ወዴት ነው የዞረው?” አለው። ልጁ አየ። ጣቱን አስተካከለ። መታ። ኳሷ የተላከችበት ደረሰች። ቲቸር ደብተሩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ፤ ለያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ገጽ አለው።

ታዲያ ቲቸር ይሻላል ብዬ ልዝጋው? አልችልም። ቲቸር ሲጠራ የሚመጡት ከደርዘን አይበልጡም። ካፒቴን ሲያፏጭ ግን የሰፈሩ ልጅ በሙሉ፣ ጫማ የሌለውም ጭምር፣ ከያለበት ይፈሳል። እነዚያ ሁሉ ልጆች በዚያች ሰዓት ሌላ ቦታ ሊሆኑ ይችሉ ነበር። የት እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ።

ኮከብ የነበረ ተጫዋች ለታዳጊዎች ጥሩ መካሪ ይሆናል ወይ? ከታሪካችን ሁለት መልስ ይገኛል። አንደኛው መንግሥቱ ወርቁ ነው። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካ ዋንጫን ስናነሣ ጎል ካገቡት አንዱ እሱ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ሊቢያ ወደ ተዘጋጀው የአፍሪካ ዋንጫ ሲሄድ ደግሞ አሰልጣኙ እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደዚህ ውድድር ለመመለስ 31 ዓመት ፈጅቶብናል፤ በ2005 ዓ.ም. በሰውነት ቢሻው አሰልጣኝነት እስክንመለስ ድረስ። ስለዚህ “ኮከብ አሰልጣኝ አይሆንም” የሚል ሰው መንግሥቱን ረስቶታል ማለት ነው።

ሁለተኛው መልስ ያለው በቆጂ ነው። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት ስፖርት አስተማሪ ነበር። አንገቱ ላይ የኦሎምፒክ ሜዳልያ አልተንጠለጠለም። ነገር ግን ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው በሱ እጅ አልፈዋል።

ዲኤስቲቪ ቤት የሚውሉትም ልጆች በዚሁ ነገር ሲጣሉ ያመሻሉ። አንዱ ማራዶናን ያነሣል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ዋንጫ አርጀንቲናን ይዞ ገብቶ በጀርመን 4 ለ 0 የተሸኘውን። ሌላው ዚዳንን ይጠራል፤ ከ2016 እስከ 2018 ከሪያል ማድሪድ ጋር ሦስት ሻምፒዮንስ ሊግ በተከታታይ የወሰደውን። ሦስተኛው “ሞሪንሆስ መቼ ተጫወተና?” ይላል። ሁሉም ልክ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ልዩነቱ ኮከብ መሆን ወይም አለመሆን ላይ አይደለም። ይህንን ያወቅኩት ግን ከዲኤስቲቪ ቤት ሳይሆን ከራሱ ከካፒቴን ነው።

ልምምዱ ሲያልቅ ሆጃ ልጋብዝህ አልኩት። (በኛ አገር አንቱታ ብዙም አንወድም፤ ታላቁም ታናሹም አንተ ነው።) ስለ ድሬዳዋ ጠየቅኩት። ጎሎቹን በጣቱ ቆጠረልኝ። “ከዚያስ ለምን ተመለስክ?” አልኩት።

ዝም አለ። ብርጭቆውን አዞረ፣ አዞረ…

“ሁለት ዓመት ነው የተጫወትኩት” አለኝ። “ሁለተኛውን ዓመት ከሞላ ጎደል ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው ያሳለፍኩት። ጉልበቴን ያመኝ ነበር፤ ብናገር ያባርሩኛል ብዬ ደበቅኩ። አንድ ቀን ስሜ ዝርዝሩ ላይ የለም። ለቤተሰብ መናገር አፈርኩ። እነሱ እየተጫወትኩ ይመስላቸዋል፤ እኔ ለሦስት ወር እዚያው ድሬዳዋ ዕቃ እያወረድኩ በላሁ።”

“ይህንን ለልጆቹ ነግረሃቸው ታውቃለህ?”

“አቦ፣ አብደሻል? ይህንን ከሰሙማ ማን ይሰማኛል!”

አያችሁት? ወንድሜ መስማት የነበረበት ይህንኑ ነበር። ፍጹም ቅጣት ምት የሳተ ልጅ፣ የሚያመልከው ሰው ድሬዳዋ ላይ ስሙ ሲጠራ እንደነበረ አስቀድሞ ያውቃል፤ አልጋው ራስጌ ላይ ፎቶውን ለጥፏል። የማያውቀው ያ ሰው ስሙ ከዝርዝር በወጣ ቀን ምን እንዳደረገ ነው። ቲቸር የእግር ጣት ሊያሳየው ይችላል። ስለዚያ ሦስት ወር ግን ሊነግረው አይችልም፤ አልኖረበትማ። በከተማችን ያንን ዕውቀት የያዘው ካፒቴን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የሚሰጠው ሌላውን ነው፤ ጎሎቹን።

ደግሞስ ማን አስደበቀው? እኛው ነን። ቦርሳውን ለመሸከም የተጋፋነው። እኔም ብሆን፣ ተጫዋች ቃለ መጠይቅ ባደረግኩ ቁጥር “ጎሏን ስታገባ ምን ተሰማህ?” እላለሁ እንጂ “ከወንበር ሳትነሣ ጨዋታው ሲያልቅ ምን ተሰማህ?” ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

“አንዲት ቃል የማይችል ልጅ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ እንዴት ይችላል? ካፒቴን ያጠነክረው ብሎ ነው” የምትሉ ትኖራላችሁ። አባቴም ያለው ይህንኑ ነው፤ እውነትም አለው። ግን ስታዲየም የሚጮህበትን ሕዝብ ልጁ አያውቀውም፣ አይወደውም። ካፒቴንን ግን ይወደዋል። ከሚወዱት ሰው የመጣች ቃል ክብደቷ ሌላ ነው።

ለካፒቴን ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ወንድሜ የፈራው ኳሷን አይደለም፣ አንተን ነው።” አልመለሰልኝም። ሒሳቡን እኔ ልክፈል ብዬ የጋበዝኩትን ሆጃ እሱ ከፈለ። ለወንድሜ የሰማሁትን አልነገርኩትም። የኔ ታሪክ አይደለማ።

ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ መሸት ሲል፣ ካፒቴን ቤታችን መጣ። እናቴ ቡና ልታፈላ ተነሣች። እሱ አልተቀመጠም። ወንድሜን “ና እስቲ፣ ወክ እናድርግ” አለውና ወጡ። እኔ ከኋላቸው ልወጣ ነጠላ ጫማዬን ስፈልግ እናቴ አይታኝ “አንቺ! ቁጭ በይ” አለችኝ። ቁጭ አልኩ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው መጡ። ምን እንዳወሩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ትናንት እናቴ ደወለች። “በሳምንት ሦስት ቀን ሜዳ ይሄዳል” አለችኝ።

“ሌላውን ቀንስ?”

“ሌላውን ቀንማ… ዱዓ አድርጊ።”