ብየዳና ስንኝ

የወንድም ጋሼ የጭነት መኪና የዳሽቦርድ ማሳያ ከጨለመ ሰነባብቶ ነበር። «ሙሉውን ይቀይሩት» ቢሏቸውም፣ ዋጋው ከአንድ ወር የባንክ ዕዳ ክፍያቸው በለጠ። ከጎሐ ጽዮን ወርደው ወደ ደጀን ሲወጡ፣ የዓባይን በረሃ አቀበት የሞተሩን ሙቀት በጆሯቸው እየገመቱ ይገፉት ነበር።

ማሳያው መታ ሲያደርጉት ብልጭ ይላል፤ ይህ የላላ ብየዳ ምልክት ነው። እሑድ ዕለት የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅለን ሰሌዳውን ፈታን። በአጉሊ መነጽር ሲታይ፣ ሙቀትና መንገጫገጭ በአንዲት የማገናኛ እግር ዙሪያ ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አበጅተዋል። በካውያ አግለን ጥቂት ሊድ ጨመርንበት፤ ቁጥሮቹ በሩ።

«ግጥም» ከመግጠም መወለዱን ባውቅም፣ የቃሉ ክብደት የተሰማኝ ያን ዕለት ነው፤ ቃላቱ ሁሉ ደኅና ሆነው በአንዲት መጋጠሚያ መላላት ስንኝ ይጨልማል። ወንድም ጋሼ ግን «ከእንግዲህ ሞተሬ ሲግል አያለሁ» አሉ።