ጎንዶሮና ዘኬዎስ

በ2010 ዓ.ም. ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፣ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ ወረዳዎች በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ፣ በብዛት ጌዴኦዎች፣ ጉጂዎችም ጭምር፣ ከቀዬው ተፈናቀለ። በዲላ የማስተምር ክርስቲያን ነኝና እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ከቁጥሩ ባሻገር ያለው ነው፤ ከሁለቱም ወገን ብዙው ወንጌል የሰማ፣ አንድ መዝሙር የሚዘምር ሕዝብ ነበር። ለመሆኑ ጥምቀት ከዘር ሐረግ ካልበለጠ ፋይዳው ምንድን ነው?

ሁለቱ ሕዝቦች የወንድማማቾቹ የዳራሶና የጉጆ ልጆች መሆናቸውን አፈ ታሪክ ይናገራል። ደም ሲቃቡም የሚታረቁበት ጎንዶሮ የተባለ ሥርዓት አላቸው። እንስሳ ስለሚታረድበት «ለክርስቲያን አይገባም» የሚሉኝ ወንድሞች አሉ፤ ስጋታቸው ይገባኛል። ዳሩ ግን ጎንዶሮ በደል ሳይነገር እርቅ እንደማይወርድ ያውቃል። እኛ «ይቅር ተባባሉ» ብለን በጸሎት እንዘጋለን።

በ2011 ዓ.ም. መንግሥት ተፈናቃዮችን ወደ ቀያቸው ሲመልስ ብዙዎችን የጠበቃቸው የተቃጠለ ቤት ነበር። ቡናውን ሌላ እጅ የለቀመበት ገበሬ «ይቅር በል» ሲባል ምን ይመልስ? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል፣ የቀማውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ እንጂ በደስታው ብቻ አላለፈም።

እንግዲህ የሁለቱም ወገን አገልጋዮች ስለ ይቅርታ ከመስበካቸው በፊት የየራሳቸውን ምእመን ይጠይቁ፤ በእጅህ ያለው ማሳ የማን ነው?