ልጄ «ከለንደን ነን» ያለች ዕለት



«ውጭ አገር ለሕፃናት እንግሊዝኛ ማስተማር ያዋጣል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይደርሰኛል። በተለይ እንደኔ ነርስ የሆኑና ወረቀታቸው እስኪያልቅ ሥራ የሚፈልጉ እህቶች ደጋግመው ይጠይቁኛል። እስካሁን «አብሽሪ፣ ይቻላል» እያልኩ ስመልስ ነበር። ግማሹን ብቻ ነበር የምመልሰው። ዛሬ የቀረውን ግማሽ ልንገራችሁ።

ደሴ ውስጥ በሕፃናት ክፍል አምስት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ባለቤቴ ኢስታንቡል የዶክትሬት ትምህርት ዕድል ሲያገኝ የሦስት ዓመት ልጃችንን ይዤ ተከተልኩት። እንደደረስኩ ሆስፒታል የምገባ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም፤ የዲግሪው አቻ ግምት አለ፣ ቱርክኛው አለ፣ ከቢሮ ቢሮ መመላለሱ አለ። የባለቤቴ የተማሪ ድጎማ ደግሞ ለአንድ ሰው የታሰበ ነው። የቤት ኪራይ ቀን ሲቃረብ ሁለታችንም ዝም ዝም እንባባል ነበር። በዚያ መሐል አንዲት ሱዳናዊት ጎረቤቴ፣ ሰፈራችን አካባቢ ያለ መዋዕለ ሕፃናት የእንግሊዝኛ አስተማሪ እንደሚፈልግ ነገረችኝ።

ቃለ መጠይቁ ቶሎ አለቀ። ዳይሬክተሯ እንግሊዝኛዬን ወደደችው። ነርስ መሆኔን ስትሰማ ደግሞ ይበልጥ ደስ አላት፤ ትኩሳት የያዘው ልጅ ሲኖር የሚያይላት ሰው አገኘች። ልጄንም ያለ ክፍያ እንደምትቀበልልኝ ቃል ገባች። ልወጣ ስል ሻይ ቀዳችልኝና፣ «ወላጆች ከጠየቁሽ ለንደን ነው ያደግኩት በያቸው» አለችኝ። «የሚከፍሉት ለዚያ ነው። ውሸት አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው።»

ያኔ እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። በልቤ «እኔ በአፌ አልናገረውም፤ እሷ ካለች ግን ዝም እላለሁ» አልኩ። ዝምታ ከውሸት የሚያድነኝ መሰለኝ። ልጄን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጫማዋን እያሰርኩላት፣ «እዚያ ስንገባ በአማርኛ አታናግሪኝ እሺ? ሚስጥራችን ነው። ቤት ስንመለስ እናወራለን» አልኳት። እሺ አለችኝ። የሦስት ዓመት ልጅ እናቷን ታምናለች።

ሥራውን ግን ወደድኩት፤ ይህን አልደብቅም። ተማሪዎቼ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የሆኑ ናቸው። ሕፃን ሃያ ደቂቃ ካዳመጠሽ ብዙ ነው። ስለዚህ ቃሉን ከእንቅስቃሴ ጋር ነው የምታስተምሪው። ጄምስ አሸር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ያስፋፋው መንገድ ነው፤ አስተማሪዋ «ቁሙ» ብላ ትቆማለች፣ «ዝለሉ» ብላ ትዘላለች፣ ልጆቹ በአካላቸው ይመልሳሉ። አፋቸው እስኪፈታ ማንም አያስገድዳቸውም። እኔ ከሆስፒታል ያመጣሁት ልምድም ረዳኝ። ሕፃንን መርፌ ከመውጋትሽ በፊት ዝቅ ብለሽ ዓይን ለዓይን ትተያያላችሁ፤ እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው።

ያሳቀኝ ነገር ደግሞ አለ። የቱርክ ልጆች «ስኩል» ማለት ያቅታቸውና ልክ እንደኛ ሰው «እስኩል» ይላሉ። «ዊንዶው»ን ደግሞ «ቪንዶው» ያደርጉታል። የመጀመሪያውን ሳርም፣ ደሴ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪያችን እኔን ያረመችበት ቀን ትዝ ይለኝ ነበር። ያን ትዝታ ግን ለማንም መናገር አልችልም፤ ለንደን ነዋ ያደግኩት!

ከልጆቹ አንዱ ከመስከረም እስከ ጥር ድረስ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አልተነፈሰም። ዳይሬክተሯ «ይህ ልጅ ምንም አልገባውም» ትል ነበር። እኔ ተውት አልኩ። አንድ ዝናባማ ጠዋት በር ላይ ጫማ ሲያወልቁ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ልገባ ስል አየኝና «ቲቸር! ሹዝ!» ብሎ ጮኸብኝ። ለካ ያን ሁሉ ወር እየሰማ ነበር። ልጅ ዝም ሲል እየሰማ ነው። የሚሰማው ግን እኛ ልናስተምረው የፈለግነውን ብቻ አይደለም። ይህ የገባኝ በራሴ ልጅ ነው።

በሁለተኛው ዓመት የጥር እረፍት ማርማራ ባሕርን በመርከብ ተሻግረን ቡርሳ ሄድን። እዚያ ኡሉ ጃሚ የሚባል ትልቅ መስጊድ አለ፤ በሱልጣን ቀዳማዊ ባየዚድ ዘመን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የተሠራ ነው። ሃያ ጉልላት አለው፤ ግድግዳው በትልልቅ የዐረብኛ ጽሕፈት ያጌጠ ነው። መሐሉ ላይ፣ በጣሪያው ሥር፣ ዉዱእ የሚደረግበት ውሃ ይፈሳል። ከዙህር በኋላ ውሃው አጠገብ ቁጭ ብለን ሳለ አንዲት አሮጊት ልጄን አይተው ፈገግ አሉና «ማሻአላህ፣ ከየት ናችሁ?» ብለው ጠየቁ።

ልጄ ወደኔ አየችና በጥርት ያለ ቱርክኛ «ከለንደን ነን» አለች።

አሮጊቷ ጭንቅላቷን ዳበስ አድርገው ከረሜላ ሰጧት። እኔ ደነገጥኩ። እኔ በአፌ ብዬው የማላውቀውን ነገር ልጄ በአላህ ቤት ውስጥ፣ ያለምንም ፍርሃት፣ ልክ እንደ ስሟ አለችው። ወዲያው ትዝ ያለኝ ከልጅነቴ የማውቀው ሐዲስ ነው። አንዲት እናት ልጇን «ና ልስጥህ» ብላ ስትጠራው ነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ምን ልትሰጪው ነው ብለው ጠየቋት። ተምር አለች። ምንም ባትሰጪው ኖሮ ውሸት ተብሎ ይጻፍብሽ ነበር አሏት። ለሕፃን የሚነገር ትንሽ ቃል እንኳ እንዲህ ይቆጠራል። እኔ ስንት ተጽፎብኝ ይሆን?

በተሰባበረ ቱርክኛዬ አሮጊቷን ይቅርታ ጠይቄ ከኢትዮጵያ፣ ከሐበሺስታን መሆናችንን ነገርኳቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ቢላል-ኢ ሐበሺ!» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ልጄ ግን ልብሴን ጎተት አድርጋ በቱርክኛ «አኔ፣ ሚስጥር አይደለም እንዴ?» ብላ አንሾካሾከች። አኔ ማለት እናቴ ማለት ነው። እማ ማለት ካቆመች ስንት ጊዜ እንደሆናት ያኔ ነው ያሰብኩት።

ማታ ደሴ ደወልን። እናቴ በስልኩ መስታወት «የኔ ዓለም፣ ደህና ነሽ?» ስትላት ልጄ ከኋላዬ ተደበቀች። ደግማ ደጋግማ ጠራቻት። በመጨረሻ እናቴ ለኔ፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ ከዚች ልጅ ጋር የማወራበት ሌላ አፍ የለኝም» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እረፍቱ ሲያልቅ ለዳይሬክተሯ ከዛሬ ጀምሮ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እውነቱን እንደምናገር ነገርኳት። «አንቺ ትጎጃለሽ» አለችኝ፤ ከፊሉ እውነት ነበር። ሁለት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን አስወጡ። የልጄ ነፃ ቦታ ቀረ፤ ከደመወዜ ይቆረጥ ጀመር። አንዲት እናት ደግሞ ፊት ለፊት «ታዲያ ይህን እንግሊዝኛ ከየት አመጣሽው?» አለችኝ። በአገራችን ሁለተኛ ደረጃና ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ እንደሚሰጥ፣ ነርስነትንም በእንግሊዝኛ እንደተማርኩ ነገርኳት። አላወቀችም ነበር። ልጇን አላስወጣችም። ዓመቱን ጨርሼ ወጣሁ። አሁን የምሠራበት ቦታ ራቅ ያለ ነው፤ ክፍያውም ያንሳል። የሥራ ውሌ ላይ ግን አገሬ ተጽፏል። አቻ ግምቱም ገና በሂደት ላይ ነው፤ ዱዓ አድርጉልኝ።

ለልጄ ያደረግኩት ደግሞ በጣም ቀላል ነው፤ ለሰው ልጆች የማደርገውን ለሷ አደረግኩላት። የኢስታንቡልና የኢትዮጵያ ሰዓት አንድ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከመግሪብ በኋላ እናቴ ጋ በምስል እንደውላለን፤ ሃያ ደቂቃ ብቻ። «በደንብ አውሪ» አንላትም። እናቴ «ዓይንሽን ጨፍኚ»፣ «ትራሱን አምጪ»፣ «ለናትሽ ውሃ ስጪ» ትላታለች፤ እሷ ትሮጣለች። ቱርኮች ስኒን «ፊንጃን» ነው የሚሉት፤ እናቴ «ፍንጃሉን አምጪ» ስትል ወዲያው ገባትና ሁለታቸውም ሳቁ። ለሳምንታት አንድ ቃል አልተናገረችም። የጫማውን ልጅ እያሰብኩ ታገሥኩ። አንድ ማታ ኩሽና ውስጥ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወደ ስልኩ ሮጣ መጣችና «እማማ፣ ፍንጃል ሰበርኩ!» አለች። ከደሴ ይዤው የመጣሁት ስኒ ነበር። እንደዚያ ቀን በዕቃ መሰበር ተደስቼ አላውቅም።

እህቶቼ፣ ሥራው ሐላል ነው፣ ደስ የሚልም ነው። ብትመጪ ግን የሥራ ፈቃድሽን በእጅሽ ሳትይዝ አትጀምሪ፤ «በኋላ ይስተካከላል» የሚል ቃል ቤት ኪራይ አይከፍልም። ከየት ነሽ ሲሉሽ ከመጀመሪያው ቀን ንገሪያቸው፤ በኋላ መናገር ይበልጥ ያስከፍላል። ልጅ ካለሽ ደግሞ የሰው ልጅ እንግሊዝኛ እያስተማርሽ የራስሽ ልጅ ቤት ውስጥ በምን አፍ እንደምታወራ አዳምጪ። አላህ በሱረቱ አር-ሩም የቋንቋችንንና የመልካችንን መለያየት ከተአምራቱ ቆጥሮታል። እሱ ተአምር ያለውን እኔ ለልጄ ሚስጥር ነው ብያት ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

አላህ ለሁላችንም ሐላል ሪዝቅ፣ ለልጆቻችንም እውነተኛ ምላስ ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።