ወደ ባሌ ደጋ ለሚጓዝ ማኅበር የማደሪያ አመራረጥ

የአውሮፓ ሰዎች ብርዱ ሲበረታ ከዘመድና ከወዳጅ ጋር ሆነው ወደ አልፕስ ተራሮች ይወጣሉ፤ የእንጨት ቤት በኅብረት ተከራይተውም በበረዶ ላይ ሲንሸራተቱ ይሰነብታሉ። በአገራችን ለዚህ ጨዋታ የሚበቃ በረዶ የለም። ነገር ግን ከነቤተሰቡ የደጋ አየር ለሚሻ ሰው የባሌ ተራራ ከዚያ የማያንስ ደስታ አለው። በጥንት ዘመን በራሱ ላይ ግግር በረዶ ነበረ፤ በ2011 ዓ.ም. የታተመ ጥናትም ከ30 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች በፍንጫ ሐበራ ዋሻ፥ ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፥ ይኖሩ እንደ ነበር ገልጿል። መጠለያቸውም ከግግሩ በታች፥ ውሃና የሚታደን አውሬ ከሚገኝበት አጠገብ ነበር። እንግዲህ ማደሪያን በማስተዋል መምረጥ በዚያ ምድር የቆየ ጥበብ ነው።

ለመንገደኛ ሦስት ምርጫ አለ። ሮቤ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት ከሦስቱ ብርዷ ይቀላል፤ ገበያዋም ሰፊ ነው። ጎባ ጥቂት ከፍ ትላለች፤ ሆስፒታል አላት፥ የሳነቴም በር ናት። ዲንሾ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። በዚያ ከብሔራዊ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት አጠገብ በጥድና በኮሶ ዛፍ መካከል ማደሪያ ቤት አለ፤ በማለዳ ከደጅ ቆሞ የደጋ አጋዘን ማየት ይቻላል። ለዓይን ዲንሾን የሚስተካከል የለም፤ ሌሊቷ ግን ብርቱ ነው።

ታዲያ በየትኛው እንደር? ወጣቶች ዲንሾን ይላሉ፤ እናቶች ሮቤን ይላሉ። እኛ የምንመክረው ምርጫው በማኅበሩ ብርቱዎች ሳይሆን በደካማው እንዲለካ ነው። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ያህል፥ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ አላቸው፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ራስ ያዞራል፥ ትንፋሽም ያጥራል። ስለዚህ አረጋዊ፥ ሕፃን ወይም የልብ ሕመምተኛ ያለበት ማኅበር አስቀድሞ ሐኪም ጠይቆ፥ በሮቤ ወይም በጎባ ሁለት ሌሊት አድሮ ሰውነቱን ያላምድ። ከዚያ በቀን ወደ ሳነቴ ወጥቶ ቀይ ቀበሮውንና ጅብራውን አይቶ፥ ሲመሽ ወደ ዝቅተኛው ማደሪያ ይመለስ። ትንፋሹ ያስቸገረው ሰው ካለ ግን ምሽትን ሳይጠብቁ ይዞት መውረድ ይገባል።

ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ የጠራ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ አለው፤ ስለዚህ ጋቢና ብርድ ልብስ አይጓደል። በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ መተኛት ሳይታወቅ ይገድላል፤ ፈጽሞ አይደረግ። ጉዞው በጾም ላይ ቢውል፥ ማዕድ ቤት ያለው ማደሪያ መርጦ ሽሮና ክኩን ከሮቤ መያዝ ይበጃል። ለማገዶም ከፓርኩ ጥድም ሆነ አስታ አይቆረጥ፤ ይህ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የልጆቻችን ገንዘብ ነው።

አልጋው ቢያንስ፥ ምግቡ ቢቀል ይቻላል። ሁሉ በደኅና የተመለሰበት ጉዞ ግን ለከርሞም ያስናፍቃል።