ከአማኑኤል እስከ ዴራ በሁለት ሲም

«የአማኑኤል ልጅ ነኝ» ስል ፈገግ የሚል ሰው አይጠፋም፤ ስሙ ሲጠራ ትዝ የሚለው ሆስፒታሉ ነው። ለእኛ ግን አማኑኤል ከመርካቶ ጋር የሚውል የሚያድር ሰፈራችን ነው። ዱባይና ቻይና ደርሶ የተመለሰ ነጋዴ በየበሩ አይታጣም። አራስ ልጄን ላርሳት ወደ ዱባይ ስነሳም ምክር የጠየቅሁት እነሱን ነው። ስለ ሻንጣ ኪሎ ብዙ ነገሩኝ። የእኔ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። 80 ዓመት ያለፋት፣ ደም ግፊት ያለባት እናቴ ቤት ትቀራለች። ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው፤ ዋትስአፕም ቴሌግራምም አያውቅም።

ሰው ሁሉ «ዋይፋይ ካለ ምን ችግር አለ?» ይላል። አለ እንጂ! በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ በዋትስአፕ ጽሑፍና ፎቶ ይላካል፤ የድምፅና የምስል ጥሪው ግን ዝግ ነው። እዚያ ያሉ ልጆቻችን ቦቲም በሚባለው የሚደውሉት ለዚህ ነው። ቦቲም ደግሞ የእማዬ ስልክ ላይ አይጫንም። ቻይና የሚመላለሰው ጎረቤቴ እንዳጫወተኝ፣ በዚያ አገር ሲም ዋትስአፕም ቴሌግራምም ጭራሽ አይከፈቱም። የአገር ቤቱ ሲም በሮሚንግ ሲሠራ ግን ይከፍታል፤ ኢንተርኔቱ በአገር ቤት በኩል ዞሮ ስለሚመጣ ነው።

እኔን ያዋጣኝ ሁለት ሲም መያዝ ነው። መርካቶ የሚሸጡት ስልኮች አብዛኞቹ ባለ ሁለት ሲም ስለሆኑ ለዚህ ይመቻሉ። የአገር ቤቷን ሲም ከቦታዋ አላነሳኋትም። ከመሄዴ በፊት ሮሚንግ አስከፈትኩላት፤ «ዳታ ሮሚንግ» የሚለውን ግን አጠፋሁ። ስልኩን ባንነካውም በራሱ ኢንተርኔት ስለሚጠቀም ሒሳብ የሚበላው እሱ ነው። ደግሞም ይህች ቁጥር ለወሬ ብቻ አይደለችም። የባንክ ማረጋገጫ የሚላከው በእሷ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የብዙዎቻችን ቦርሳ የሆነው ቴሌብርም የተመዘገበው በእሷ ነው። ሲሙን አውጥቶ በመሀረብ የሚቋጥር መንገደኛ አሁንም አለ፤ እኔ አልመክርም።

በሮሚንግ የገባ ጥሪ ማንሳትም ያስከፍላል። ሚስኮል ግን አያስከፍልም፤ እኛ ደግሞ በሚስኮል ያደግን ሕዝብ ነን።

«አንዴ ከደወልሽ ደህና ነሽ ማለት ነው፤ ሁለቴ ከደወልሽ እኔው መልሼ እደውላለሁ» አልኳት እማዬን።

«ብታነሺውስ ምን ይልሻል?»

«ይቆጥራል፣ እማዬ።»

«አይ ጊዜ!»

ሌላው ሥራ ቁጥሮችን ማስተካከል ነበር። ስልኬ ውስጥ ያለው ሁሉ በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ነው፤ በዱባይ ሲም እንዲህ ብንደውል አይገባም። ዜሮዋን አንስቶ በቦታዋ +251 ማስገባት ያስፈልጋል። የወንድሜ ልጅ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ የጎረቤቶቼን፣ የእህቶቼንና የሐኪም ቤቱን ቁጥር አስተካከለልኝ። አያቶች፣ ይህን ቤታችሁ ሳላችሁ አሠሩ፤ ከደረሱ በኋላ በድንጋጤ ላይ ሆኖ ዜሮ ማንሳት ይከብዳል።

ከቦሌ ዱባይ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ልጄ የምትኖረው ዴራ ነው፤ ዴራን ያየ የመርካቶ ሰው እንግድነት ብዙም አይሰማው። ጠባብ መንገድ፣ በጅምላ የሚሸጥ ጨርቅና ሽቶ፣ ጋሪ እየገፋ «መንገድ!» የሚል የሚመስል ሠራተኛ። ናይፍ አካባቢ እንጀራ አለ፤ አማርኛም ይሰማል። አንድ ቀን በ1 ድርሃም በትንሿ ጀልባ የባሕሩን ሰርጥ ተሻገርን፤ ከሕንፃዎቹ ሁሉ እሷን ወደድኳት። ሲሙን የገዛሁት ከኩባንያው ሱቅ ፓስፖርቴን አሳይቼ ነው፤ በማን ስም እንደተመዘገበ የማይታወቅ የመንገድ ሲም አልነካም።

እማዬ ግን የውጭ ቁጥር አታነሳም። በአጭበርባሪዎች ምክንያት «የማታውቂውን አታንሺ» ብለን ያስተማርናት እኛው ነን። ስለዚህ በ+971 የሚጀምረውን አዲሱን ቁጥሬን ለወንድሜ ልጅ ላክሁለት፤ እሱም ስልኳ ላይ መዝግቦ የተለየ የጥሪ ድምፅ ሰጠልኝ።

በዘጠነኛው ቀን፣ በአዲስ አበባ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ስልኬ ሁለቴ ጮኸ። ዱባይ በአንድ ሰዓት ስለሚቀድም እኛ ጋ ዘጠኝ ሆኗል። ሕፃኑን ለእናቱ ሰጥቼ በዱባዩ ሲም ደወልኩ። ራሷን አዙሯታል፤ ድምፅዋም ደክሟል። ቀጥሎ ጎረቤት ጋ ደወልኩ፤ በአንድ ጊዜ ገባ። የጎረቤቴ ልጅ መኪና ፈልጎ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ግፊቷ ከፍ ብሎ ነበር። የመድኃኒቱን ብር በባንኬ በኩል ላክሁ፤ ማረጋገጫ ቁጥሩ በአገር ቤቷ ሲም መጣልኝ። ሊነጋጋ ሲል አንድ ሚስኮል ገባ። አንድ ብቻ።

ከአሜሪካ ለሚመጡ ዘመዶቻችሁም አንድ ነገር ንገሯቸው። በክፍያ የተወሰደ ስልክ ለአንድ ኩባንያ ተቆልፎ የኛን ሲም ላይቀበል ይችላል። ከአይፎን 14 ወዲህ አሜሪካ የተሸጡት አይፎኖች ደግሞ የሲም ማስገቢያ ቀዳዳም የላቸውም። ቀድመው ካላጣሩ ቤት ውስጥ ትርፍ ባለ ቁልፍ ስልክ ማዋስ ነው፤ የእማዬን ግን አይደለም።