ተደራጊው ግስ የተከሰሰበት ጥፋት

በእንግሊዝኛ ሰዋስው «ፓሲቭ ቮይስ» የሚባለው፣ በአማርኛ አዕማድ ግስ ውስጥ ተደራጊ ከሚሰኘው ጋር የሚቀራረበው አገላለጽ፣ ድርጊቱ የደረሰበትን ወገን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አድርጎ ከፊት የሚያስቀምጥ፣ አድራጊውን ግን ወደ ኋላ የሚያዘገይ ወይም ጨርሶ የሚተው ነው። ቅርጹ የሚገኘው «ቢ» የተባለው ረዳት ግስ እንደየጊዜው ተለዋውጦ ተማሪዎች «ፓስት ፓርቲሲፕል» ከሚሉት የዋናው ግስ ቅርጽ ጋር ሲጣመር ሲሆን፣ አድራጊውን መጥቀስ ካስፈለገ «ባይ» የሚለው መስተዋድድ ከኋላ ያስገባዋል። ይህን ለመማር አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል፤ ቅርጹ የት እንደሚገባና የት እንደማይገባ መለየት ግን ረጅም ልምምድ የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ፣ ለዚህ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ «አትጠቀሙበት» ከማለት አያልፍም።

ምክሩ የቆየ ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዊልያም ስትረንክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1918 ለተማሪዎቹ ያሳተመው፣ በ1959 ደግሞ ኢ. ቢ. ዋይት አስፍቶ ያወጣው የአጻጻፍ መመሪያ ጸሐፊዎችን ወደ አድራጊው ግስ ይመራል፤ ጆርጅ ኦርዌልም በ1946 ስለ ፖለቲካና ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ በጻፈው መጣጥፍ አድራጊውን ግስ መጠቀም እስከተቻለ ድረስ ተደራጊው እንዳይነካ አዟል፤ ይሁን እንጂ የራሱ መጣጥፍ በተደራጊ ግሶች የበለጸገ ነው። የቋንቋ ሊቁ ጄፍሪ ፑለም እንዳመለከተው ደግሞ፣ በስትረንክና በዋይት መመሪያ ውስጥ ሊታረሙ የሚገባቸው ተብለው ከቀረቡት አራት ምሳሌዎች ሦስቱ ከቶውንም ተደራጊ አይደሉም። ደንቡን ያወጡት ሰዎች የሚያወግዙትን ቅርጽ በውል ካልለዩት፣ ቋንቋውን ከውጭ ሆነው የሚማሩና ደንቡን እንደ ሕግ የሚቀበሉ ተማሪዎች ምን ያህል እንደሚደናገሩ መገመት አያዳግትም።

የክሱ ፍሬ ነገር ተደራጊ ግስ ጥፋተኛን ይሸሽጋል የሚል ነው። ለዚህም ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በ1987 መጀመሪያ ለአሜሪካ ኮንግረስ ባደረጉት ዓመታዊ ንግግር፣ ከኢራን ጋር በተያያዘው ጉዳይ ከባድ ስህተቶች መፈጸማቸውን ሲናገሩ ፈጻሚውን ሳይጠሩ ማለፋቸው ዘወትር በምሳሌነት ይነሳል። ነገር ግን ከእርሳቸው ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብለው ፕሬዚዳንት ዩሊሲስ ግራንት በ1876 በዚያው የግስ ቅርጽ ሲጠቀሙ፣ ስህተት መፈጸሙን ራሳቸው እንደሚያምኑ እዚያው አክለው ገልጸዋል። ቅርጹ አንድ ሆኖ ሳለ አንደኛው ንግግር ባለቤቱን ሲያስቀር ሌላኛው ኑዛዜ የሚሆን ከሆነ፣ ተጠያቂው ስምን ለመጥራት ያለው ፈቃድ እንጂ ግሱ ሊሆን አይችልም።

በዚህ ነጥብ ላይ አማርኛን ከእንግሊዝኛ ጋር ማነጻጸር ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። «መስኮቱ ተሰበረ» ሲባል ሰባሪ ይኑር ወይም መስኮቱ በራሱ ይሰበር ከግሱ ብቻ አይታወቅም፤ «ተ» የምትለው ምዕላድ ሰው ያደረሰውንም፣ በራሱ የሆነውንም፣ «ታጠበ» በሚለው ላይ እንደሚታየው ሰው በገዛ አካሉ ላይ የፈጸመውንም ታቅፋለችና። እንግሊዝኛ ግን ይለያል፦ «ዘ ዊንዶው ብሮክ» የሚለው ስለ ሰባሪ ምንም አያነሳም፤ «ዘ ዊንዶው ዋዝ ብሮክን» የሚለው ደግሞ፣ ተሰብሮ የቆየን ሁኔታ ብቻ ለመግለጽ ካልዋለ በቀር፣ ስሙ ባይጠራም የሰበረ አካል መኖሩን ያስታውቃል። ስለዚህ አድራጊን ይበልጥ የሚሰውረው በቅርጹ ከአድራጊ ግሶች የሚቆጠረው «ብሮክ» ሲሆን፣ የተከሰሰው ተደራጊ ቢያንስ «ማን ሰበረው?» ለሚል ጥያቄ በሩን ክፍት ይተዋል።

የተደራጊው ዋና አገልግሎት ግን ከመደበቅም ከመግለጥም ይለያል፤ አገልግሎቱ ንግግሩ የሚያተኩርበትን ነገር ወደ ፊት ማምጣት ነው። አማርኛ ተሳቢውን በ«ን» ምልክት ስለሚለይ፣ ግሱም ተሳቢውን የሚያመለክት ቅጥያ ስለሚጨምር፣ «ፔኒሲሊንን ፍሌሚንግ አገኘው» ብሎ ተሳቢውን ማስቀደም ይቻላል፤ ማን ማንን እንዳገኘ አይደበላለቅም። ጥንታዊው እንግሊዝኛም በስሞቹ ላይ እንዲህ ያሉ የሙያ ምልክቶች ነበሩት፤ አብዛኞቹ ከጠፉ በኋላ ግን ባለቤትና ተሳቢ የሚለዩት በተራቸው ሆነ፤ ተሳቢውን ከፊት ለማስቀመጥ የሚሻ ጸሐፊም የተደራጊውን መንገድ ለመያዝ ይገደዳል። በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ያገኘው ፔኒሲሊን የአንድ አንቀጽ ርእስ ከሆነ፣ መድኃኒቱን በባለቤትነት አስቀድሞ ፍሌሚንግን በ«ባይ» ማስከተል የአንባቢን ሐሳብ ሳያቋርጥ ይወስደዋል። ከእንግሊዝኛ በሚተረጎሙ የአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታየው «መጽሐፉ በእገሌ ተጻፈ» የሚለው አባባል የሚጎረብጠው፣ «መጽሐፉን የጻፈው እገሌ ነው» የሚል የቋንቋው የራሱ መንገድ እያለ የእንግሊዝኛውን ችግር መፍቻ ስለሚዋስ ነው።

በሳይንስ ጽሑፍ ዘንድ ተደራጊው የዕውቀት መለያ ሆኖ ሰንብቷል፤ ከመጀመሪያው ግን እንዲህ አልነበረም። አይዛክ ኒውተን በ1704 ስለ ብርሃን ባሳተመው መጽሐፍ ሙከራዎቹን በአንደኛ መደብ ይተርካል፤ ዋትሰንና ክሪክ በ1953 ስለ ዲኤንኤ ቅርጽ ያወጡት አጭር ጽሑፍም የሚጀምረው «እኛ» በሚል ነው፤ ያን ጽሑፍ ያተመው ኔቸር መጽሔት ዛሬ አድራጊውን ግስ እንደሚመርጥ ለጸሐፊዎች ያስታውቃል። በእንግሊዝኛ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ተደራጊው የት እንደሚገባና የት እንደማይገባ መለየት ጥቅሙ ተግባራዊ ነው። ናሙናው በምን ያህል ሙቀት እንደተቀመጠ ሲጻፍ ያስቀመጠው ሰው ማንነት ለአንባቢ ስለማይፈይድ ተደራጊው ተገቢ ነው፤ «ይታመናል» የሚል ትርጉም ያለው «ኢት ኢዝ ቢሊቭድ» ሲጻፍ ግን አማኙ ማን እንደሆነ አለመገለጹ ማስረጃውን ባለቤት ያሳጣዋል፤ ይህም መታረም ያለበት እውነተኛ ጉድለት ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስቀረው በክፍል ውስጥ የተለመደው የመለወጥ ልምምድ ነው፤ ተማሪው ተነጥሎ የቆመ ዓረፍተ ነገር ይሰጠውና ወደ ተደራጊ እንዲያዞረው ይታዘዛል፤ ሁለቱም ቅርጾች አንድ መስለውት ይቀራሉ። በዚህ ፈንታ አንደኛው ስለ ፍሌሚንግ ሕይወት፣ ሌላኛው ስለ ፔኒሲሊን ታሪክ የሚናገሩ፣ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገራቸው የጎደለ ሁለት አጫጭር አንቀጾች ቢሰጡትና ስለ ግኝቱ የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ለሁለቱም እንዲጽፍ ቢጠየቅ፣ ስለ ሰውየው በሚናገረው አንቀጽ ውስጥ አድራጊውን፣ ስለ መድኃኒቱ በሚናገረው ውስጥ ደግሞ ተደራጊውን የሚያስመርጠው ከፊቱ ያለው ጽሑፍ ራሱ ይሆናል።