ሚዛኑና መዛኙ

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ሰው የራሱን ጥፋት በገዛ እጁ መጻፍ አይወድም። እኔ ግን ከጥፋቴ ጥቂት ትምህርት ስላገኘሁበት ለእናንተም ይጠቅም እንደሆነ ብዬ እነሆ ጻፍሁት።

በቆቦ ከተማ መምህር ነኝ። የደመወዜ ግብር ገንዘቡ ከእጄ ሳይገባ ተቀንሶ ይቀራል። በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ከግብር ነጻ የነበረው የወር ደመወዝ እስከ 600 ብር ያለው ብቻ ነበረ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ይህን ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገው፤ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ ግን 35 በመቶ ይከፈላል። እኔም ወር በመጣ ቁጥር የደመወዙን መዝገብ እያየሁ አጉረመርም ነበር። «የኔን ገቢ የሒሳብ ሹሙ እስከ ሳንቲሙ ያውቀዋል፤ የነጋዴውን ግን ከራሱ በቀር የሚያውቀው የለም። ስለዚህ የገቢ ግብር የሚባለው ጨርሶ ቢቀርና ሰው ሁሉ በሚገዛው ዕቃ ላይ ቢከፍል ማንም አያመልጥም» እል ነበር።

ይህን ሐሳቤን አንድ ቀን ለአጎቴ ነገርኋቸው። አጎቴ በራያ ሜዳ ላይ ማሽላ የሚዘሩ ገበሬ ናቸው። በቆላው ዝናብ አጭር ስለሆነ ገበሬው ከተራራው የሚወርደውን የሆርማትንና የጎሊናን ጎርፍ በአፈርና በቅርንጫፍ እየጠለፈ ወደ ማሳው ይመራል። ጎርፉ የመጣ እንደሆነ ጎተራው ይሞላል፤ የቀረ እንደሆነ አገዳው ሳያፈራ ይደርቃል።

አጎቴም ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ፣ «መምህር፣ ባለሱቁ ከኔ አሥር እጥፍ ያገኛል፤ ታዲያ ከኔ አሥር እጥፍ ሳሙና ይጨርሳል እንዴ?» አሉኝ።

ሳቅሁ እንጂ መልስ አላገኘሁም። ቤቴ ገብቼ ግን በወረቀት ላይ አሰብሁት። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተጨማሪ እሴት ታክስ በመቶ ብር ዕቃ ላይ 15 ብር ነው። በወር 2,300 ብር የሚያገኝ ድሃ ሁሉንም ታክስ ላለበት ዕቃ ቢያወጣ 300 ብሩ ግብር ነው፤ ይኸውም ከገቢው ከመቶ 13 ያህል ይሆናል። በወር 23,000 ብር የሚያገኘው ደግሞ 9,200 ብር ለእንዲህ ያለ ዕቃ አውጥቶ የቀረውን ቢያስቀምጥ ግብሩ 1,200 ብር ነው፤ ከገቢው ከመቶ 5 ያህል ብቻ ማለት ነው። በሱቁ በር ላይ ሁለቱ እኩል ይመስላሉ፤ ሸክሙ ግን በድሃው ትከሻ ላይ ይከብዳል።

በማግሥቱ፣ «እንግዲያውስ ግብር በመሬት ላይ ብቻ ይሁን፤ መሬት አይደበቅም» አልኋቸው።

«እርሱንማ ለኔ ተወው» አሉ አጎቴ። «ግብሬ በማሳዬ ስፋት ይታሰባል፤ ማሳዬ ጎርፉ በመጣበትም ባልመጣበትም ዓመት ስፋቱ አንድ ነው።»

ነገሩ የቆየ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የታወጀው አሥራት ወታደር በገበሬው ቤት እየተመራ መብላቱን እንዲያስቀር የታሰበ ነበር። አሥራት ከተገኘው እህል ከአሥር አንዱ ስለሆነ፣ በሐሳቡ ከገቢ ግብር ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ብዙ ያገኘ ብዙ፣ ጥቂት ያገኘ ጥቂት ይሰጣልና። ነገር ግን ገማቹ መጥቶ በማሳው ላይ የቆመውን አዝመራ እንደ ወደደ ይገምተው ነበር። በ1937 ዓ.ም. መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ግብሩ በጋሻ ሲቆረጥ፣ አሥራቱም በገንዘብ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ ገማቹ ቀረ፤ ከገማቹ ጋር ግን «ዘንድሮ ምን አገኘህ?» የሚለው ጥያቄም አብሮ ቀረ።

በ1960 ዓ.ም. አሥራት ተሽሮ በምትኩ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ወደ ቀናው ሐሳብ መመለስ ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን አዋጁን አላመነውም፤ ገማቹ ዛሬ አዝመራዬን ገምቶ ነገ ርስቴን ይለካብኛል ብሎ ስለ ፈራ አመፀ፤ ደምም ፈሰሰ። በእኛም አገር የራያና የአዘቦ ሰው በ1935 ዓ.ም. በወያኔ አመፅ ሲነሣ ከምክንያቶቹ አንዱ የግብርና የሹማምንት በደል ነበረ። እንግዲህ ሚዛኑ የቱንም ያህል ቀና ቢሆን፣ መዛኙ ካልታመነ ሰው ሚዛኑን ይሰብራል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። በዚያው ሰሞን ለእናቴ ቤት ቆርቆሮ ለመግዛት ከአጎቴ ጋር ወደ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ሲል ጠየቀኝ። ልዩነቱ ብዙ ብር ነበርና፣ ያለ ደረሰኝ አልሁት። ቆርቆሮውን በጋሪ አስጭነን ስንሄድ አጎቴ፣ «ያ ገቢውን ይደብቃል የምትለው ሰው ይኸው ነው?» አሉኝ። «አዎን» አልኋቸው። «ዛሬስ ማን ደበቀለት?»

መልስ አልነበረኝም። አጎቴም ቀጥለው፣ «ጎርፍ ልንጠልፍ ስንወጣ ሰፊ ማሳ ያለው ብዙ ጉልበት ያወጣል፣ ጠባብ ያለው ጥቂት። በዚህ ማንም አይጣላም። የምንጣላው በሥራው ቀን ቀርቶ በሌሊት ውኃውን ወደ ማሳው ከሚቀለብሰው ጋር ነው። ለእርሱ መብራት የያዘለትም ያው ሌባ ነው» አሉኝ።

ወጣቶች ሆይ፤ እኔ ዛሬ የገቢ ግብር ይቅር አልልም። በዕቃና በመሬት ላይ የሚከፈለውም ቦታ አለው፤ የገቢን ግብር ግን ሊተካው አይችልም። የዕቃው ግብር «ምን ገዛህ?»፣ የመሬቱም «ስንት ጥማድ አለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ምን አገኘህ?» ብሎ እንደ አቅምህ ክፈል የሚል የገቢ ግብር ብቻ ነው። ጥያቄው ግን እውነተኛ መልስ ይፈልጋል። ስለዚህ የሚሸሽገውን ነጋዴ፣ አድልቶ የሚገምተውን ሹም፣ ደረሰኝ የማይጠይቀውንም ገዢ ሳናቀና ግብሩን በሌላ ብንለውጠው፣ ሸክሙን ከሐሰተኛው ላይ አንሥተን በድሃው ላይ መጫናችን ነው።

ባለፈው ወር ምስማር ልገዛ ወደዚያው ሱቅ ሄጄ ደረሰኝ ጠየቅሁ። ባለሱቁ ፊቱን አጠቆረ፤ ደረሰኙን ግን ቆርጦ ሰጠኝ። የከፈልሁት ትርፍ ጥቂት ነበር። የቆርቆሮው ግን ገና ዕዳዬ ነው፤ ዝናብ በዘነበና በእናቴ ጣራ ላይ በጮኸ ቁጥር ይታወሰኛል።